ገስግስ በሳሙና የታጠበ ዕለት

እንዴት አደርሽ ሙፊድዬ… ነይ፣ ነይ እዚህ ጋ ቁሚ፤ ይቺ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ድንጋይ ያንቺ ናት። ማልጄ ስመጣ ለእኔም ላንቺም የወረፋ ድንጋይ አስቀምጫለሁ። ጎረቤት ታዲያ ለምን ይሆናል? ባልሽ ሱልጣን ደህና ነው? ሕፃኗስ፣ ዙሌካ፣ ጥርሷ ወጣ? እሰይ። ጥርስ ሲወጣ ሆድ ያስቸግራል፣ አይዞሽ፣ ያልፋል።

ሳሙና መጥቷል አሉ። ለአንድ ኩፖን ሁለት ፍሬ። እንግዲህ ሱቁ ሲከፈት እናያለን። ባለፈው ወርም መጥቷል ተብሎ ግማሽ ቀን ተሰልፈን የደረሰን ክብሪት ነበር። ክብሪትም ጥሩ ነው… ልብስ አይታጠብበትም እንጂ።

ፀሐይዋን ግን አየሻት? ገና በሦስት ሰዓት እንዲህ ከሆነች በስድስት ሰዓት ምን ልትሆን ነው? ደግነቱ ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ትልቅ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ጥላው ለእኛም ይተርፋል። ማን እንደሆኑ አላወቅኋቸውም… ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አዲስ ባርኔጣ ያደረገ ሁሉ ጌታ ይመስለኛል። ጌታው፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን፣ ይቺ ልጅ ሕፃን ጥላ የመጣች ናት… እግዜር ይስጥልን።

ምን ልልሽ ነበር… አዎ፣ ትናንት የፈረስ ኮቴ ሰምተሽ ደነገጥሽ አሉኝ። አትደንግጪ። ለጥር ሃያ አንድ ፈረስ እያሟሟቁ ነው። አንቺ ከቡታጅራ ከመጣሽ ዓመት አልሞላሽ፣ ያምናውን አላየሽም። ወይኔ፣ ያምናውን አላየሽም… እንዲያው አንጀቴን ነው የምትበይው።

በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ፣ የማርያም ዕለት፣ የዚህ አገር ሰው ረጅሙን ግልቢያ ይጋልባል። ማልደው ከሐና ማርያም ሜዳ ይነሳሉ፣ በላፍቶ አድርገው እስከ ፉሪ ተራራ እግር ድረስ፣ ከዚያ ዞረው ወንዙን ተሻግረው፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ እዚያው ሜዳ ይገባሉ። ቀድሞ የገባ ያሸነፈ ይመስልሻል አይደል? አይደለም። ፈረሱ ሲገባ ኮርቻው ይወርድለትና ሣር ላይ ይለቀቃል። ጎንበስ ብሎ ሣር የነጨ ነው ያሸነፈ። ቀድሞ ገብቶ አፉን ከፍቶ የሚያለከልክ ከሆነ ጌታው አላወቀበትም ማለት ነው። ወንዙ ዳር ደግሞ ኦቦ ሂርጳ ይቀመጣሉ። ታውቂያቸዋለሽ፣ እኒያ ከዘራ የሚይዙት ሽማግሌ። መዳፋቸውን ፈረሱ ደረት ላይ ያሳርፋሉ፤ ልቡ ከልክ በላይ ከመታ ወይ ገላው አረፋ ካወጣ ጋላቢውን "ውረድ" ይሉታል። ውረድ የተባለ ሰው ልጓሙን ይዞ በእግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይግባኝ የለም። ፈረስ ደክሞ መሞት የለበትማ።

ሌላም ደንብ አለ። እዚህ አገር ሰው በፈረሱ ነው የሚጠራ። ፈረስሽ መብረቅ ከተባለ አንቺ አባ መብረቅ ነሽ… ወንድ ብትሆኚ ማለቴ ነው። ጠጅ ቤት በዚያ ስም ትጠሪያለሽ፣ ሽምግልና በዚያ ስም ትቀመጫለሽ፣ ስትሞቺም በዚያ ስም ትለቀሻለሽ። ፈረስሽ ኮርቻው ተጭኖ በለቅሶው መሐል ይጎተታል፣ አልቃሿም "አባ እንትና" እያለች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ያቺ አልቃሽ እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ዘነቡ። ጥር ሃያ አንድ ጠዋት ጉብታው ላይ ቆሜ የየፈረሱን ስም የምጠራም እኔ ነኝ። በሕይወትም በሞትም መጥራት ነው ሥራዬ። ዘንድሮ ሠላሳ አንድ ዓመቴ። የምጠራው በባዶ ጉሮሮዬ ነው፣ ላፍቶ ድረስ ይሰማል ይላሉ፤ እኔ ላፍቶ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም።

ድሮ አንድ ሰው ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባ ገስግስ የሚባሉ። ሙፊድዬ፣ ሰው ነበሩ ስልሽ ሰው ነበሩ። የሞቱ ጊዜ ከፉሪ ማዶ ሳይቀር ሰው መጥቶ አለቀሰላቸው። ሊሞቱ ሲሉ ልጃቸውንና እኔን አልጋቸው አጠገብ አስጠሩንና "ፈረሱን ለልጄ፣ ስሙን ለሁለታችሁ ሰጥቻለሁ። እሱ ይጋልበው፣ አንቺ ጥሪው" አሉ። ይኸው ነው ኑዛዜው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ "ገስግስ" ብዬ ስጠራ የእሳቸው ፊት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ልጃቸውማ… እንግዲህ የት እንደገባ አላውቅም። ሰው መቼም ይጠፋል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፣ ስቦ የሆነ ቦታ አድርሶት ይሆናል።

ይህ አሁን የምነግርሽ ሰው ግን ሌላ ነው። እንዳጋጣሚ የእሱም ፈረስ ገስግስ ይባል ነበር። ዓለም ጠባብ ናት አይደል?

እንዴት ያለ ሰው መሰለሽ። ታዛዥ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ስብሰባ የማያመልጠው። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሊቀመንበርም እሱ ነው። አምና የሳሙና ፋብሪካው ሰዎች መጡና "ይህን ባህላዊ ግልቢያ እኛ እንደግፈዋለን" አሉ። ደግ ፋብሪካ ነው፣ የሰፊው ሕዝብ ነው፣ ስለ ፋብሪካው ከእኔ አፍ ክፉ ቃል አይወጣም… ጆሮ ያለው ሁሉ ይስማ። ለየፈረሱ ቢጫ ግላስ አመጡ፣ በሁለቱም ጎን "ንጽሕና ለጤና" የሚል የታተመበት። ፈረስ ማንበብ ባይችልም መልበስ ይችላል። ጠዋት መነሳቱ ቀርቶ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ስላለባቸው አምስት ሰዓት ላይ ይሁን አሉ። ሰውየው "እሺ" አለ። ፈረስ ፀሐይ ላይ ቢቆም ምናለበት? እኛስ ቆመን የለ? መንገዱ በፋብሪካው በር በአስፋልቱ ይለፍ አሉ። "እሺ" አለ። እንግዶቹ ፈረስ ሣር እስኪነጭ መጠበቅ ስለማይችሉ በሰዓት ይሁን አሉ። "እሺ"። እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰማሽም? እሱ በሦስት እሺ ባርኔጣ፣ የጎማ ቦት ጫማና በየወሩ አንድ ካርቶን ሳሙና አገኘ። እኔ በዕድሜ ልኬ ስንት ጊዜ እሺ ብያለሁ… ለካ አባባሉን አላውቅበትም።

ወንዙንና ኦቦ ሂርጳን ብቻ ማንም አላነሳቸውም። ወንዙ ስብሰባ አይሰማም። ኦቦ ሂርጳም እንደዚያው ናቸው።

ኋላ ጓድ ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት "ከፈረሶቹ አንዱ ለምን በምርታችን አይሰየምም? ፎቶው በፋብሪካው ካሌንደር ላይ ይወጣል" አሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ያ ደግ ሰው ግን እንግዳ አሳፍሮ አያውቅም፣ ብድግ አለና "የእኔ ፈረስ ከዛሬ ጀምሮ ሳሙና ይባላል" አለ። ተጨበጨበ። እሱም ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ።

ምን ረሳ መሰለሽ ሙፊድዬ? እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ አድጎ፣ በእርካብ ላይ ጥርስ አውጥቶ… የፈረሱን ስም የሰጠ መስሎት የራሱን መስጠቱን ረሳ። ጭብጨባው ጸጥ ሲል በንቲ፣ ያ ዝምተኛው የላፍቶ ጋላቢ፣ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገና በትሕትና እጁን አወጣ። "አባ ሳሙና" አለው፣ "ስብሰባው አልቆ ከሆነ እንሂድ?"

ሳቂ፣ ሳቂ፣ ማን ይከለክልሻል። ሻርፕሽን አፍሽ ውስጥ አትክተቺው፣ ትታፈኛለሽ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። እውነቱን ልንገርሽ? አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ስሙ እኮ ለሁለት ነበር የተሰጠ… እኔን የጠየቀኝ የለም። ያቺን የምታህል ስም ስትሄድ ደህና ሁኚ እንኳን ሳልላት ሄደች።

ብቻ እግዜር ደግሞ የሚያስቀይም ነገር ብቻ አያመጣም። ጥር ሃያ አንድ ደረሰ።

ያ ደግ ሰው ፈረሱ ለፎቶው እንዲያበራ ብሎ ጠዋት ገስግስን… ይቅርታ፣ ሳሙናን… አቁሞ ያጥበው ጀመር። በስንት ፍሬ መሰለሽ? በዘጠኝ። እኛ ለአንድ ኩፖን ሁለት ፍሬ፣ ዘጠኝ ፍሬ በአንድ ፈረስ። አሸው፣ አሸው፣ ጋማውን፣ ጭራውን፣ ብብቱን ሳይቀር። ሊያለቀልቀው ሲል የቦኖው ውሃ ተቋረጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ይወስደው ነበር። እሱ ግን አስተዋይ ነው፤ "ይሻላል፣ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ሲያሻሹት ይሸታቸዋል" አለና በጆንያ አድርቆ፣ ቢጫውን ግላስ አልብሶ አመጣው። እውነትም አበራ። እውነትም ሸተተ። ጓድ ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አሹትና እጃቸውን አሸተቱ፣ ፎቶም ተነሱ።

ጉብታዬ ላይ ወጥቼ ጠራሁ። ሁሉን በየስሙ ጠራሁና እሱ ጋ ስደርስ ስሙን ዘለልኩት። "ና እንግዲህ" አልኩት ዝም ብዬ። ፈረሱ ገባው መሰለኝ፣ ተነሳ።

በአስፋልቱ አለፉ፣ ተጨበጨበላቸው። ፉሪ ሥር ዞሩ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ያ ሰው ፊተኛ ነበር፣ አልዋሽም፣ ፈረሱ የአባ… የደህና ሰው ፈረስ ነው። እኔ በአቋራጭ ወርጄ ወንዙ ማዶ ከኦቦ ሂርጳ ጎን ቆሜያለሁ። ገባ ወደ ውሃው፣ እስከ ሆዱ። ወጣ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል… ሳሙናውን አይተህ ወንዙን ሳታይ ብሎ የተረተ ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። መጀመሪያ ከኮርቻው ሥር አንዲት ነጭ መስመር ብቅ አለች። ቀጥሎ አንገቱ። ኮርቻው ሲያሸው፣ ላቡ ሲጨመር፣ የፈረሱ ደረት እንደ ጠላ ጋን ገነፈለ። እርካቡ ጠፋ። የጎማ ቦት ጫማው ጠፋ። "ንጽሕና ለጤና" የሚለው ጽሑፍ ቀስ በቀስ ሲሰወር አየሁት፣ መጨረሻ ላይ "ለጤና" ብቻ ቀረ። ጋላቢው ደግሞ ፊተኛ መሆኑን እንጂ አረፋውን አላየም፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ ይመጣል። ከኋላው ሦስት ፈረሶች አረፋው ዓይናቸው ውስጥ እየገባ ያነጥሳሉ። ፈረስ ሲያነጥስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ጌታው፣ ምነው፣ እግርዎን ረገጥሁዎት እንዴ? የተንቀሳቀሱ መሰለኝ። አንገትዎም ቀልቷል፣ ፀሐይ ነው። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ያድርጉት።

ኦቦ ሂርጳ ተነሱ። መዳፋቸውን ደረቱ ላይ ሲያሳርፉ መዳፋቸው ተንሸራቶ እስከ ሆዱ ሄደ። መዳፋቸውን አሸተቱ። ሌላውን መዳፋቸውን አሳረፉ፣ እሱንም አሸተቱ። ከዚያ ጆሯቸውን ለጥፈው ልቡን አዳመጡና ግማሽ ፊታቸው ነጭ ሆኖ ቀና አሉ። "ልቡ ደህና ነው" አሉ። "ደንቡ ግን አረፋ ይላል፣ አረፋው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ውረድ።"

ወረደ። ምን ያድርግ? ልጓሙን ይዞ በወንዙ ዳር በእግሩ መንገድ ጀመረ። እኔ እምለው፣ መቼም ሰው ሲቸገር ሰው ይደርሳል፤ ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፣ ሳሙና ካዩ ሁለት ወር የሆናቸው። አንዷ "ጋሼ፣ እባክህ ትንሽ ቆም በል" አለችና ነጠላዋን ፈረሱ ሆድ ላይ ማሸት። ሁለተኛዋ አንሶላ ይዛ መጣች። ሦስተኛዋ የባሏን ሱሪ። ፈረሱ ቀጥ ብሎ ቆመላቸው፣ ደስ ብሎታል። ያ ሰውም ቆመላቸው… አላልኩሽም ሰው የማያስቀይም ነው ብዬ? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲሉ ነበር የማውቀው፣ ለካ ልብስም ያጥባል። ያን ጊዜ ነው የሳቅሁት። ሙፊድዬ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ጎኔን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ለቅሶ ላይ እንኳ ያን ያህል እንባ ወጥቶኝ አያውቅም።

በንቲ በዚያች በቀይ ባዝራው ቀድሞ ገባ። በሰዓትም ቀደመ፣ ባዝራዋም ኮርቻዋ ሲወርድ ሣሯን ነጨች። የምስክር ወረቀቱ ግን ለካ ከዋዜማው ተጽፎ ተፈርሞ ኖሯል፣ ስሙ ተሞልቶ… የማን ስም እንደሆነ እንግዲህ አንቺው ገምቺ። በንቲ አስነበበና ወረቀቱን አጥፎ መለሰላቸው። "ይሄ ስም ባለቤት አለው" ብሎ ነው የመለሰው።

ካሌንደሩም ወጣ። እኔ ቤት ተሰቅሏል፣ ጾም እቆጥርበታለሁ። ፈረሱ አለ፣ ቢጫው ግላስ አለ፣ ጓድ ሥራ አስኪያጁ ከነፈገግታቸው አሉ። ልጓሙን የያዘው ሰው ግን… ፎቶ አንሺው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ከአንገቱ በላይ የለም። እጁ ብቻ አለ። እንዴት የሚያምር እጅ መሰለሽ፣ ንጹሕ።

ይኸው እንግዲህ ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ደግነት መጣ። ፋብሪካው ለግልቢያው ድምፅ ማጉያ ሊያመጣ ነው። ስሞቹን ከጽሕፈት ቤት የተላከ ልጅ ከወረቀት ላይ ያነባቸዋል። የዘነቡ ጉሮሮ ይረፍ ተባለ፣ ለእኔው ታስቦ ነው። "እሺ" ያለው ማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ለማኅበሩ ሁሉ ተነግሯል፣ ለእኔ ብቻ ነው ያልተነገረኝ። አንድ ሰው ራሱ መጥቶ ሊነግረኝ ነበር አሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥሬን ሲዞር አየዋለሁ፣ እሾሁን ነካ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ምናልባት አጥሬን ሊያጥርልኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ልዋሽሽ አልችልም ሙፊድዬ። ድምፅ ማጉያ አይደለም ያስከፋኝ። እኔ ነገ አፈር ነኝ፣ ጉሮሮዬም ነገ ይዘጋል። ብቻ ስም እንዲህ ከወረቀት ላይ ይነበባል እንዴ? አባ ገስግስ ሲጠሩ ፈረሳቸው ጆሮውን ያቆም ነበር እኮ። እኔ ስጠራው። ኑዛዜ ሲሰጡኝ እጄን ይዘው ነበር፣ እጃቸው እስካሁን እጄ ላይ አለ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ… ሳሙናስ? ሳሙና ውሃ እስኪነካው ነው።

ምን ይላል ያ ባለሱቅ? አለቀ? ገና በሩን ሳይከፍት? አይ… ይሁን። አምና ዘጠኙ ፍሬ የት እንደገባ እናውቃለን፣ የዘንድሮውን ደግሞ ለሚመጣው ዓመት ወንዙ ይነግረናል። ድንጋይሽን አንሺ፣ ለነገ ይሆናል። ነይ እንሂድ፣ ዙሌካ ታለቅሳለች።

ቆይ፣ ቆይ ግን። ሰው አምቶ ሳይመርቁ መሄድ ነውር ነው። አምቻለሁ እንዴ? አላማሁም፣ ያወራሁት ስለ ፈረስ ነው። ቢሆንም ልመርቀው፣ ያን ደግ ሰው፣ የትም ይሁን የት።

ዕድሜውን እንደ ፉሪ ተራራ ያርዝምለት። ካርቶኑ አይጉደል፣ ባርኔጣው አይንተብ፣ እጁ እንደ ካሌንደሩ ንጹሕ ሆኖ ይኑር። ጠግቦ፣ አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ በአልጋው ላይ ይረፍ። ያን ቀን ፋብሪካው ድምፅ ማጉያውን አይንፈገው፣ መብራትም አይጥፋበት። ያ ልጅ ወረቀቱን ይዞ ይድረስለት፤ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖ በሚጎተትበት፣ ያንኑ ለራሱ የመረጠውን ስም አንድ ፊደል ሳያጎድል ከላፍቶ እስከ ፉሪ ያሰማለት። እኔም በሕይወት ከቆየሁ መጥቼ ከኋላ እቆማለሁ፣ ጉሮሮዬን አሳርፌ፣ ዝም ብዬ።

አሜን በይ ሙፊድዬ። ጌታው… ምነው ባርኔጣዎን አወለቁ? እርስዎም አሜን ይበሉ እንጂ። ምርቃት እኮ ነው።